ከባሕር ዳርቻ የተገኘች የብርጭቆ ኳስ፦ እውነተኛ ናት የጌጥ?

ቀበና_ሲያትል፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ላስፈርድ ነው የመጣሁት። ባለፈው ቅዳሜ ከወጀቡ በኋላ እዚህ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሽን ሾርስ የሚባል የባሕር ዳርቻ ሄደን ነበር። ሞገዱ ከከመረው የባሕር ሣርና ጭራሮ ውስጥ አንድ የብርጭቆ ኳስ አገኘሁ። ብርቱካን ታክላለች። ቀለሟ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ድብልብል አይደለችም፣ በአንድ ጎኗ ጠፍጠፍ ያለች ናት። ስነቀንቃት ውስጧ ውሃ ይንቦጫረቃል። ቀዳዳ ግን የላትም! ባለቤቴ «ከሱቅ የተገዛች ጌጥ ናት፣ ልጆች ጥለዋት ነው» እያለ ይስቅብኛል። ጎረቤታችን ያሉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ደግሞ ሳሎናቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ደርድረዋል። የጃፓን ዓሣ አጥማጆች መረባቸው እንዳይሰምጥ የሚያስሩበት ዕቃ ነው ይላሉ። እውነት ከጃፓን ድረስ ትመጣለች? ውሃውስ በየት ገባ? የምታውቁ ንገሩኝ፤ እቤት ክርክሩ ጦፏል።

ነገረኛው፦
እህቴ፣ ሰው ባሕር ዳር ሄዶ ዓሣ ይዞ ይመለሳል። አንቺ የአጥማጁን ዕቃ ይዘሽ መጣሽ? ለማንኛውም ከባልሽ ጋር ነኝ። የቤት ማስጌጫ የሚሸጥበት ሁሉ በገመድ መረብ የተጠቀለለ የብርጭቆ ኳስ ሞልቷል። የዓሣ ምግብ ቤት ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎም አይቻለሁ። ከጃፓን መጣ የሚባለው ለቱሪስት የሚነገር ወሬ ነው።

ጋሼ_ጠርሙስ፦
ነገረኛው፣ ቆይ አትቸኩል። በዚህ ለቀማ የተለከፍኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ላውራ።

ቀበና፣ መጀመሪያ እምብርቷን ፈልጊ። ነፊው ኳሷን ከነፋ በኋላ ከቧንቧው ሲያላቅቃት ቀዳዳ ይቀራል። ያንን በአንድ ጠብታ የቀለጠ ብርጭቆ ይደፍነዋል። እምብርት የምለው እሱን ነው። ጣትሽን ስታዞሪባት አንድ ቦታ ላይ ጎርበጥ ይልሻል። አንዳንዴ እዚያው ላይ ወይም አጠገቡ የአምራቹ ማኅተም አለ፤ የጃፓን ፊደል የሆነም ይገኛል። ሁሉም ላይ ግን የለም። ማኅተም የላትም ብለሽ እንዳትጥያት።

ከዚያ ወደ መስኮት ይዘሻት ቅረቢ። ብርጭቆው ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋ ይታይሻል? ጃፓኖቹ አብዛኛውን የሚሠሩት ከአሮጌ የሳኬ ጠርሙስ ነበር፤ ሳኬ ከሩዝ የሚጠመቅ መጠጣቸው ነው። ጠርሙሱን ሰብረው፣ አቅልጠው፣ በጥድፊያ ሲነፉት አየሩ ወጥቶ አያልቅም። አረንጓዴነቱም ከዚያው ከጠርሙሱ የመጣ ነው። ለመረብ የሚሠራ ዕቃ ነዋ፤ ማን ሊያየው!

ቆዳዋንም ዳስሺ። የጌጥ ኳስ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ባሕር ላይ የኖረች ግን ደብዘዝ ትላለች፣ በጥቃቅን ጭረት ተሞልታለች። ኳሷን የያዛት የገመድ መረብ ከጠፋ በኋላም ገመዱ የነካው ቦታ ከሌላው ተለይቶ ይታያል። ይሄን አስመስሎ ለመሥራት ድካሙ ከዋጋው ይበልጣል።

ውሃው ነው ዋናው ምስክርሽ። መረቡ ሲከብድ ኳሷን ይዟት ይሰምጣል። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት፣ እኛ መሬት ላይ የምንሸከመውን የአየር ግፊት ያህል ይጨመርባታል። በዚያ ግፊት ውሃ ዓይን በማያየው ስንጥቅ ይሰርጋል፣ ብዙ ጊዜ በእምብርቱ በኩል። ወደ ላይ ስትመለስ ግን እንደገባ አይወጣም። ከሱቅ የተገዛ ጌጥ ውስጥ ውሃ ምን ይሠራል? ባልሽን ይሄን ጠይቂልኝ።

ቀበና_ሲያትል፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! እምብርቱን አገኘሁት። ሳንቲም የምታክል፣ ከፍ ያለች ነገር አለች። ማኅተም የለም። አረፋው ግን ሞልቷል፣ አንዱማ እንደ እንባ ረዘም ያለ ነው። ባለቤቴ አሁን እራሱ በስልኩ መብራት እያገላበጠ ነው። መልስ አልሰጠኝም።

ነገረኛው፦
እሺ ዓሣ አጥማጅ ተጠቅሞባታል እንበል። ግን ጃፓን የት፣ ዋሽንግተን የት! ፓሲፊክን ማን አሻገራት?

የሆካይዶ_ተማሪ፦
ሰላም ከሳፖሮ፣ ጃፓን። ይሄ ክር ሰፈሬ ድረስ መጣ።

በባቡር ትንሽ ሄድ ስትሉ ኦታሩ የሚባል የወደብ ከተማ አለ። ድሮ በሄሪንግ ዓሣ የከበረ ነው። አሳሃራ የሚባለው የብርጭቆ ቤት እዚያ የተከፈተው በ1901 ነው፤ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ የኩራዝ ብርጭቆ ይሠሩ ነበር። 1910 ገደማ ወደ መረብ ኳስ ገቡ። ዛሬም በእጅ የሚነፉ አሉ፣ አሁን ገዢው በብዛት ቱሪስት ቢሆንም። አኦሞሪ ያለው ሆኩዮ የሚባለው የብርጭቆ ቤት ደግሞ በ1949 የተቋቋመው ለዚሁ ኳስ ነው። ፕላስቲክ ገበያውን ሲወስድበት ያንኑ የነፊዎቹን ሙያ ወደ ባለቀለም ብርጭቆና የአበባ ማስቀመጫ አዞረው።

ማን አሻገራት ላልከው፣ ኩሮሺዮ የሚባል ሞቃት የባሕር ጅረት አለ። ከታይዋን ምሥራቅ ተነሥቶ በጃፓን ጎን ሽቅብ ይወጣል። ከሰሜን ከሚወርደው ከቀዝቃዛው ኦያሺዮ ጋር ሲገናኝ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። አሜሪካ ሲቃረብ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ አላስካ ያቀናል። ሌላው በካሊፎርኒያ ጎን ወደ ደቡብ ወርዶ እንደገና ወደ ምዕራብ፣ ወደ እኛ ይመለሳል። ስለዚህ መረቡ የተበጠሰበት ኳስ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ እየዞረ ነው። አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን ሲዞር ይኖራል። ጠንካራ የምዕራብ ንፋስ ሲያገኘው ነው ከክቡ ወጥቶ ዳር የሚደርሰው።

ታኮማ_ሹፌር፦
ነገረኛው ማስረጃ ከፈለግክ የናይኪውን ጫማ ታሪክ አንብብ። ግንቦት 1990 ላይ ሃንሳ ካሪየር የምትባል መርከብ መሐል ፓሲፊክ ላይ ወጀብ ገጥሟት ኮንቴይነሮች ወደቁባት። ከ60 ሺህ በላይ ጫማ! ወራት ቆይቶ የዋሽንግተንና የኦሪገን ዳርቻ ሰው ስኒከር ይለቅም ጀመር። ችግሩ ግራና ቀኙ አብሮ አለመምጣቱ ነው። ሰው ተሰብስቦ እየተቀያየረ ጥንዱን ያሟላ ነበር። ታጥቦ ይለበሳል ደግሞ!

የሲያትሉ የባሕር ተመራማሪ ከርቲስ ኤብስማየር ነገሩን ከእናቱ ነው የሰማው፤ ጋዜጣ ላይ አንብበው ነግረውት። ጫማው ላይ ቁጥር ስላለ ከየትኛው ጭነት እንደወደቀ ይታወቃል። የወደቀበት ቦታ ይታወቃል፣ የተገኘበት ቦታ ይታወቃል። በዚያ የጅረቱን ፍጥነት አሰላ። በጥር 1992 ደግሞ 28,800 የልጆች መታጠቢያ መጫወቻ ከሌላ መርከብ ወደቀ፤ ቢጫ ዳክዬ፣ ቀይ ቢቨር፣ አረንጓዴ እንቁራሪት፣ ሰማያዊ ኤሊ። ኅዳር ላይ ሲትካ፣ አላስካ ደረሱ። የላስቲክ ዳክዬ ከተሻገረ ብርጭቆ ምን ያግደዋል?

ነገረኛው፦
ዳክዬዋን አምኛለሁ። ኳሷን እያሰብኩበት ነው።

የኦስሎዋ፦
ጃፓን ጃፓን ብቻ አትበሉ እንጂ! ነገሩ የተጀመረው እዚህ ኖርዌይ ነው። በ1840ዎቹ የበርገን ነጋዴ የነበረው ክሪስቶፈር ፋዬ ነው ከሃደላንድ ብርጭቆ ፋብሪካ ጋር ሆኖ ያመጣው ይባላል። በ1844 በሎፎተን የኮድ ዓሣ ማጥመጃ መረብ ላይ ተሞክሮ ሠራ። ከዚያ በፊት እንጨትና ቡሽ ነበር፤ እሱ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ብርጭቆ አይጠጣም፣ አይበሰብስም። ጃፓን ከዚህ በኋላ ነው የገባችበት።

ሃደላንድ ከ1762 ጀምሮ ያለ ፋብሪካ ነው፣ ዛሬም ይጎበኛል። ከኦስሎ በመኪና አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። እንግዳ ሲመጣብኝ የምወስደው እዚያ ነው። ሲነፋ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ሙቀቱ ግን ፊት ይለበልባል።

ጋሼ_ጠርሙስ፦
የኦስሎዋ እውነቷን ነው። እኛ ጋ የምናገኘው አብዛኛው የጃፓን የሆነው ጅረቱ ስለሚያመጣው ነው እንጂ ኖርዌይ ታላቅ እህት ናት። በአንድ ወቅት አውሮፓውም፣ ሩሲያውም፣ አሜሪካውም በብርጭቆ ኳስ ነበር የሚያጠምደው። በኋላ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ መጣ። ርካሽ ነው፣ ቢወድቅ አይሰበርም። ስለዚህ አዲስ የሚገባ ኳስ የለም ማለት ይቻላል። ውሃው ላይ የቀረው የድሮው ነው። በየዓመቱ ዓለት ላይ ተፈጥፍጦ የሚያልቀው እሱው ነው።

ሐይቅ_ዳር፦
እኔ ሐዋሳ ያደግኩ ነኝ። ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ መረብ ላይ ታስሮ ነው የማውቀው። ያን ማንም አንስቶ ሳሎኑ አያስቀምጥም መቼም።

ታኮማ_ሹፌር፦
አንድ ጥያቄ ለጋሼ። እኔ ያለችኝ ኳስ ወገቧ ላይ ዙሪያዋን መስመር አላት፣ የተሰፋች ነው የምትመስለው። የሸጠልኝ ሰውዬ «ሐሰት ናት» ብሎ በርካሽ ነው የሰጠኝ። መስመር ካለ የፋብሪካ ጌጥ ነው እንዴ?

ጋሼ_ጠርሙስ፦
ሰውዬው ዕቃውን አላወቀም፣ ተጠቅመሃል። መስመር ሐሰት መሆኑን አያሳይም። መጀመሪያ ሁሉም በነጻ እጅ ነበር የሚነፋው። በኋላ ሥራው እንዲፈጥንና መጠኑ አንድ እንዲሆን በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ መንፋት ተጀመረ። ሁለቱ የእንጨት ግማሾች የሚጋጠሙበት ቦታ ነው መስመሩ። አንዳንዷ ላይ እንጨቱ በቢላ የተፈለፈለበት ምልክት ሳይቀር ብርጭቆው ላይ ታትሞ ይታያል። በአጉሊ መነጽር ፈልገው።

ደግሞ እዚሁ ሲያትል ኖርዝዌስተርን ግላስ የሚባል ፋብሪካ የመረብ ኳስ ያወጣ ነበር። ስሙ እላዩ ላይ ጎልቶ ተጽፏል። ያንተ እንደዚያ ከሆነች ከጃፓን ሳይሆን ከሰፈራችን ናት።

ሐሰቱን በሌላ ነው የምትለየው። ብርጭቆው ቀጭን፣ ቀላል፣ ቆዳው ልሙጥ፣ ገመዱ አዲስ። ቀለሙ የሚጮህ ወይን ጠጅ ወይም ቀይ ከሆነማ ቆም በል። እውነተኛ ወይን ጠጅ አለ፤ ብርጭቆውን ለማጥራት ማንጋኒዝ ሲገባበት፣ ፀሐይ ለዘመናት ስትመታው ቀስ ብሎ ወደዚያ ይቀየራል። ግን ፈዘዝ ያለ ነው። እውነተኛው ቀይ ደግሞ ወርቅ የገባበት ነው። ማን ለመረብ ወርቅ ያቀልጣል? ለዚህ ነው ብርቅ የሆነው፣ ለዚህ ነው ደግሞ የሚሸጥልህ ቀይ ሁሉ አጠራጣሪ የሆነው።

ፖርትላንድ_ጉለሌ፦
በሱ አትድከሙ፣ እኛ ጋ ኑ። ኦሪገን ሊንከን ሲቲ የሚባል ከተማ አለ። ወደ 7 ማይል የሚጠጋ ባሕር ዳር ላይ ዓመቱን ሙሉ በፈቃደኞች የብርጭቆ ኳስ ያስቀምጣሉ። በዓመት ከ3,000 በላይ ነው። የአካባቢው ነፊዎች በእጅ የሠሩት፣ የተፈረመበት፣ ቁጥር ያለው። ያገኘ ይወስዳል፣ በነጻ! አጎቴ ልጆቹን ይዞ ሄዶ አንዱ አገኘ። ልጁ ሦስት ቀን አብሯት ተኛ።

ጋሼ_ጠርሙስ፦
ጥሩ ጨዋታ ነው፣ አልቃወምም። ለቀማ ግን አይደለም። ሰው ያስቀመጠልህን ማንሳት ነው።

ፖርትላንድ_ጉለሌ፦
ጋሼ ይሄ ንፉግነት ነው! የጃፓኑን ኳስ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለቅሞ ላያገኝ ይችላል። ልጅ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ አይጠብቅም። ደግሞ የብርጭቆ ነፊዎቹ እንጀራ የሚበሉበት ነው። ከተማው ውስጥ ከፍለህ እራስህ የምትነፋበት ቤት ሁሉ አለ።

ጋሼ_ጠርሙስ፦
ለልጅ ይሁን፣ እሱን ተቀብያለሁ። መደርደሪያዬ ላይ ግን አይወጣም።

የኦስሎዋ፦
መደርደሪያው የሳቸው ነው፣ ተዉአቸው።

አሽዶድ_ነኝ፦
ያገኘሁትን መውሰድ ይቻላል? ስል እየጠየቅኩ ነው፤ እዚህ እስራኤል እንደዚያ አይደለምና። ከ1700 በፊት የተሠራ ዕቃ ካገኘህ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ባሕሩ ደግሞ ከወጀብ በኋላ የጥንት የሸክላ ስባሪ ይተፋል። እናንተ ጋስ?

ታኮማ_ሹፌር፦
የመረብ ኳስ እንኳን ያን ያህል ዕድሜ የለውም። ቦታው ነው የሚለየው። በተራው የሕዝብ ባሕር ዳር ችግር የለም። ከኦሽን ሾርስ ወደ ሰሜን ራቅ ስትል ግን ኩዊኖልት የሚባሉት የአገሬው ነባር ሕዝብ መሬት ይጀምራል፤ ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ምልክት አለው፣ አክብር። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆንክ የፓርኩን ሕግ ቀድመህ ጠይቅ። ሚድዌይ ደሴት ኳስ በኳስ ነው ይባላል ብለህ እንዳትነሳ፤ የዱር እንስሳት መጠበቂያ ስለሆነ ያለ ፈቃድ እግርህ አይረግጠውም።

ነገረኛው፦
እሺ ተሸነፍኩ። መቼ ነው የሚሄደው? የት ነው የሚታየው? በየት በኩል? ጋሼ፣ ምሥጢር አትደብቁ።

ጋሼ_ጠርሙስ፦
አሁን ሰው ሆንክ።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፣ እዚህ ወጀቡ የሚበዛበት። አንድ ቀን የነፈሰ ንፋስ አይበቃም። ከምዕራብ ለቀናት ሲያከታትል ጠብቅ፣ ጋብ ሲል ውሃው የሸሸበትን ሰዓት አይተህ በማለዳ ውጣ። ከሲያትል ሎንግ ቢች የሚባለው ዳርቻ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ኦሽን ሾርስ ትንሽ ይቀርባል።

በጸደይ አንድ ምልክት አለ። ቬሌላ የምትባል የባሕር ፍጥረት አለች፣ ጣት የምታህል፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጀርባዋ ላይ እንደ ሸራ የቆመ ቀጭን ክንፍ ያላት። መቅዘፊያ የላትም፣ ንፋስ ወደወሰዳት ነው የምትሄደው። ዳርቻው በሷ ሰማያዊ ሆኖ ካየኸው የጥልቁ ባሕር ውሃ ዳር ደርሷል ማለት ነው። ያኔ መኪናህን አቁምና ፈልግ። ከሰነበተች ይሸታል፣ አፍንጫህን ያዝ።

የኳሷ ቆዳ ላይ ባርናክል ተለጥፎ ካገኘህ ደግሞ ትኩስ መጥታለች። ረጅም ለስላሳ አንገት ያለው፣ ጫፉ ላይ ነጭ ቅርፊት የያዘ ፍጥረት ነው። አንዳንዴ በሕይወት ይደርሳል፣ ቅርፊቱን ይከፍታል ይዘጋል። መኪና ውስጥ ይዘኸው እንዳትገባ። ነግሬሃለሁ።

ሰው ሁሉ ውሃው ጠርዝ ጠርዙን ነው የሚያየው። ኳስ ግን ባዶ ነገር ናት፣ ከውሃው ከወጣች በኋላ ንፋስ ያንከባልላታል። ሞገድ ዳር ከጣላቸው ግንዶች ጀርባ፣ ከአሸዋ ጉብታው ሣር ሥር ፈልግ። ድሮ የመጡ፣ አሸዋ የቀበራቸው እዚያ ይወጣሉ።

የኦስሎዋ፦
አደገኛ አይደለም ወይ? ግንዶቹን በፎቶ አይቻቸዋለሁ፣ ቤት ያክላሉ።

ጋሼ_ጠርሙስ፦
አደገኛ ነው፣ በደንብ። ጀርባህን ለባሕሩ አትስጥ። ሞገዱ እየተመላለሰ ሳለ ድንገት ከሌሎቹ በጣም ርቆ የሚወጣ ይመጣል። አንድ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ያን ግንድ ያንሳፍፈዋል፣ ይገለብጠዋል። ሰው ገድሏል። ወጀቡ እየነፈሰ ሳለ ግንድ ላይ አይወጣም፣ ግንድ ላይ አይቀመጥም። ኳስ ውሃ ላይ ስትንሳፈፍ ካየሃት ጠብቃት እንጂ ገብተህ አትያዛት።

ቀበና_ሲያትል፦
ጋሼ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። እንዴት ላጽዳት? ውሃውን ላውጣው? ባለቤቴ መሰርሰሪያ አለኝ እያለ ነው።

ጋሼ_ጠርሙስ፦
መሰርሰሪያውን ቀሚው! ውሃው ነው የሚያስወድዳት። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊያት፣ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በረኪና፣ የብረት መፈግፈጊያ አይነካትም፤ የደበዘዘው ቆዳዋ ቆሻሻ አይደለም። ጋራዥ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ደግሞ አታሳድሪያት። ውሃው በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ለሁለት ይከፍላታል። ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ፣ ልጅ የማይደርስበት።

ነገረኛው፦
ቀጣዩ ወጀብ ሲያልፍ ማን ማን ይሄዳል? እኔ መኪና አለኝ። አሸዋው ላይ ይነዳል አሉ፣ እውነት ነው?

ታኮማ_ሹፌር፦
ሎንግ ቢችም ኦሽን ሾርስም በሚፈቀድበት ክፍል ይነዳል፣ ሕጉ እንደ መንገድ ነው የሚያየው። ፍጥነቱ 25 ማይል ነው። ጠንካራው አሸዋ ላይ ሁን፣ ውሃው ሲሞላ ቀድመህ ውጣ። መኪና ውሃ የዋጠበት ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። እኔ አለሁ።

ቀበና_ሲያትል፦
እኛም አለን። ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት የውሃ መሙያና መጉደያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ጭኖ አገኘሁት። ልጆች ይዘን ብንመጣስ?

ፖርትላንድ_ጉለሌ፦
ለጋሼ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ልጆቹን በወጀብ ወቅት እዚያ አታምጪያቸው። ሊንከን ሲቲ አምጪልኝ። ኳሶቹ የሚቀመጡት ውሃው ከሚደርስበት በላይ ነው፣ ሞገዱ ጋ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ጋሼ_ጠርሙስ፦
ይሄን እደግፋለሁ። ትልልቆቹ ከእኔ ጋር፣ ልጆቹ ከጉለሌ ጋር።